ጭንቀትን ለባለሙያ ማዋየት የኢማን ጉድለት ነውን?

 

ከመግሪብ ሰላት በኋላ መስጊዱ ሰው እስኪቀንስበት ጠብቀው ቀረብ የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። ብዙዎቹ ጥያቄያቸውን የሚጀምሩት ስለ ሌላ ሰው በማስመሰል ነው። «አንድ ጓደኛዬ እንቅልፍ እምቢ ካለው ወራት አልፎታል፤ ሰላቱን ይሰግዳል፣ ቁርኣኑን ይቀራል፣ ልቡ ግን አያርፍም» ይላሉ። እናቶች ስለ ልጆቻቸው፣ እህቶች ስለ ራሳቸው በቤተሰብ በኩል ያስጠይቃሉ። ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ሂዱ ስላቸው ደግሞ አራት ነገር ይመልሱልኛል፦ «ታዲያ ኢማኔ ደክሞ ነው ማለት ነው?»፣ «ዱዓ አይበቃኝም?»፣ «ሰው ቢሰማስ?»፣ «ገብቼስ ምን ይሉኛል?»

ዛሬ በአላህ ፈቃድ እነዚህን አራት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ላነሳ እወዳለሁ። ዓላማዬ ፈትዋ መስጠት አይደለም። ዲናችን የሚያውቀውንና ሰዎችን ሸኝቼ፣ በር ላይ ጠብቄ፣ ባለሙያዎችንም ጠይቄ የተረዳሁትን ለማካፈል ነው።

ሐዘንና ፍርሃት የነቢያትንም ልብ ነክተዋል

ኢማን ያለው ሰው አይጨነቅም የሚለውን አባባል ከየት እንዳመጣነው አላውቅም። ከቁርኣን አለመሆኑን ግን አውቃለሁ። ሱረቱ ዩሱፍን የቀራ ሰው ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ እንዳለቀሱ ያውቃል። ሱረቱ መርየምን የቀራ ደግሞ ያቺ አላህ የመረጣት ንጽሕት እመቤት ምጥ ሲይዛት «ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ» እስከማለት መድረሷን ያውቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤታቸው ኸዲጃና አጎታቸው አቡ ጧሊብ በተከታታይ የሞቱበት ዘመን በሲራ መጻሕፍት «የሐዘን ዓመት» ተብሎ ይታወቃል። ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ የሚጠበቁበትን ዱዓም ያዘወትሩ ነበር። የማይደርስ ነገር ቢሆን ኖሮ ከእርሱ መጠበቅን ባልለመኑም ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የሒራ ዋሻውን ሌሊት እናስታውስ። የመጀመሪያው ወሕይ ከወረደ በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልባቸው እየመታ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እንዲሸፍኗቸውም ጠየቁ። ፍርሃታቸው ጋብ ሲል ምን አደረጉ? የደረሰባቸውን ሁሉ ለኸዲጃ (ረ.ዐ) ነገሯት፤ ለራሳቸው መፍራታቸውንም አልደበቁም። እሷስ ምን አደረገች? አልተቆጣችም፤ «ዝም በል፣ ሰው እንዳይሰማህ» አላለችም። አዳመጠች። ከዚያም ለዘመድ አዛኝ፣ ለደካማ ደራሽ፣ ለእንግዳ አክባሪ መሆናቸውን አንድ በአንድ እየቆጠረች፣ አላህ እንዲህ ያለውን ሰው እንደማያዋርድ ነገረቻቸው። በዚህም አልቆመችም፤ ስለ ቀደሙት መጻሕፍት ዕውቀት ወዳለው ወደ አጎቷ ልጅ ወደ ወረቃ ኢብን ነውፈል ይዛቸው ሄደች።

ወንድሞቼና እህቶቼ! በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለውን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። የፈራ ሰው ፍርሃቱን ተናገረ፤ የቅርብ ሰው ሳይፈርድ ሰማ፤ ከዚያም ጉዳዩ ዕውቀት ወዳለው ሰው ተወሰደ። እኔ ስለ ምክር አገልግሎት የምለው ሁሉ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ዱዓ እያለ ሐኪም ለምን?

አንዳንድ ወንድሞች እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ማስረጃ ያመጣሉ። «ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ሐዘናቸውን የሚያሰሙት ለአላህ ብቻ እንደሆነ ተናግረው የለምን? ታዲያ እኛ ለምን ለሰው እንናገራለን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከቀጥሎ ባለው አንቀጽ ውስጥ ይገኛል። ያዕቁብ ይህን ባሉበት አፍ ወዲያው ልጆቻቸውን ሄዳችሁ ስለ ዩሱፍና ስለ ወንድሙ መርምሩ፣ ከአላህ እዝነትም ተስፋ አትቁረጡ ብለው ልከዋቸዋል። ስሞታቸው ለአላህ ነው፤ ሰበብ ማድረሱ ግን በሰው እግር ነው። ግመሌን ልሰር ወይስ በአላህ ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲያስርና እንዲመካ ነግረውታል። አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አብሮ ማውረዱን ያስተማሩንም እርሳቸው ናቸው። ይህን ሲያስተምሩ የሆድ ቁርጠትን አስገብተው የልብ ጭንቀትን አላስወጡም። እንዲያውም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሰው ሲሞት ሐዘንተኛ ቤተሰብን ታበላ የነበረው «ተልቢና» የሚባለውን ከገብስ የሚሠራ አጥሚት ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሕመምተኛን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘንም እንደሚያቀል ተናግረውለታልና። ለሐዘን ከምግብ እንኳ ሰበብ ተፈልጎለታል ማለት ነው።

ቀደምት ሙስሊሞች ይህን በሚገባ ተረድተውት ነበር። በ322 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው አንዱን ክፍል ለአካል፣ ሌላውን ክፍል ለነፍስ ጤንነት ሰጥተዋል። ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘንና ስለ ወስዋስ ለየብቻ ጽፈዋል። ምክንያቱ ከሚታወቅ ሐዘንና ምክንያቱ ከማይታወቅ ሐዘን ለይተው፣ ሁለተኛውን ከሰውነት ጋር አያይዘው ሕክምና ፈልገውለታል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም ቤቱ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በደህና ጊዜው መልካም ሐሳቦችን አጠራቅሞ ለክፉ ቀን እንዲይዝም መክረዋል። ሱልጣን ቀላውን በ1284 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካይሮ ውስጥ ባሠሩት ሆስፒታል፣ በ1354 ደግሞ ሐለብ ውስጥ በተሠራው የአርጉን ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ተሰጥቷቸው ይታከሙ ነበር። በሐለቡ ሆስፒታል ግቢ የውኃ ፏፏቴ እንዲኖር የተደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዘመናችንም ሱዳናዊው ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ (1932–2021 እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸውን የሰጡት የሥነ ልቦናን ዕውቀት ከእምነታችን ጋር ለማስታረቅ ነው። የበልኺን መጽሐፍ የነፍስ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትም እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው የአባቶቹን ቤት ያላየ ነው።

እኛ ዘንድ ያለው እውነታ

ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን አንድ ሰው ሲታወክ ወዴት ይወሰዳል? በጣም የሚያሳፍረው ነገር ጠንቋዩን «አዋቂ» ብለን መጥራታችን ነው። ሐኪም ቤት መሄድን የተወኩል ጉድለት ያደረገው ቤተሰብ፣ ሌሊት ተነስቶ ዶሮ ይዞ «አዋቂ ቤት» ሲሄድ ተወኩሉ ትዝ አይለውም። ወደ ጠንቋይ የሄደ ሰው የአርባ ቀን ሰላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ እየሰማን! ሌላው ደግሞ ጭንቀቱን በጫት ሊያባርር ይሞክራል፤ ከሰዓት በኋላ የተነሳ መንፈሱ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲገለባበጥ ያድራል፤ በማግስቱ የባሰ ድብርት ይዞት ይነሳል። ሌላው በቤት ተዘግቶበት፣ ከጎረቤት ተደብቆ ዓመታት ያልፉታል። «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ሆድ ግን አይፈጀውም፤ ሆድን ነው የሚፈጀው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተውና ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል ከመርካቶ ብዙም አይርቅም። እኛ ግን ስሙን ስድብ አደረግነው። «ይሄማ አማኑኤል ነው» እያልን የምንስቅበት በር ብዙ ሰው በአላህ ፈቃድ ድኖ የወጣበት በር ነው። ዛሬ ደግሞ በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም፣ በግል ክሊኒኮችም አገልግሎቱ አለ። እርግጥ ነው ባለሙያው ጥቂት ነው። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወረፋ ይኖራል፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ በተለይ የእኛን ቤት ያንኳኳል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሳለች። ከዚያም ወዲህ የተመላሹ ጉዞ አልተቋረጠም። ከነዚህ መካከል ደመወዟን የተከለከለች፣ የተደበደበች፣ የተደፈረችም አለች። ሻንጣዋን ስንቀበል «ምን አመጣሽልን?» እንላለን እንጂ «ምን ደረሰብሽ?» አንልም። በሌሊት እየጮኸች ስትነቃ ደግሞ «ጂን ለከፋት» ብለን እንዘጋዋለን። ጂን መኖሩን አልክድም፤ ቁርኣን ነግሮናልና። ግን የሰውን ግፍ ሁሉ በጂን ላይ መለጠፍ ግፈኛውን ነፃ ማውጣት፣ የተበደለችውንም ካለ ሕክምና ማስቀረት ነው።

በሩን ከፍቶ የገባ ሰው ምን ያጋጥመዋል?

አሁን ወደ አራተኛው ጥያቄ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነገር ነውና ዘርዘር አድርጌ ልግለጸው።

በመጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ ይታወቅ። ሳይካትሪስት የሚባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ መርምሮ መድኃኒት ያዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያና አማካሪ የሚባሉት በዋናነት የሚያክሙት በንግግር ነው። በመንግሥት ሆስፒታል መጀመሪያ የሚቀበልህ የሥነ አእምሮ ነርስ ሊሆን ይችላል። ካርድ ታወጣለህ፤ ተራህን ትጠብቃለህ። ወደ ግል ቦታ የምትሄድ ከሆነ ለአንድ ጊዜ ስንት እንደሚያስከፍሉ አስቀድመህ ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ባለሙያው የት እንደተማረ፣ የሙያ ፈቃድ እንዳለው መጠየቅም መብትህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ብዙውን ጊዜ ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ወረፋ በበዛበት የመንግሥት ሆስፒታል ግን ሊያጥር ይችላል። ያ ቀን የጥያቄ ቀን ነው። ምን አመጣህ? መቼ ጀመረህ? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብስ ትበላለህ? ከቤተሰብ ማን አለህ? ከዚህ በፊት ታመህ ታውቃለህ? ጫት ትቅማለህ? መጠጥ ትጠጣለህ? ሙስሊም ሆነህ ሳለ ስለ መጠጥ ቢጠይቅህ አትቀየም፤ ሁሉንም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ አንተም እውነቱን ተናገር። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብህ እንደሆነም ይጠይቅሃል። ይህ ጥያቄ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አያስገባም፤ ሐሳቡ የነበረበትን ሰው ግን ሸክሙን ያቀልለታል።

አንድ ወንድም ሸኝቼው ኮሪደር ላይ ጠብቄው ነበር። ሲወጣ ቅር ብሎት «ምንም አልመከረኝም እኮ! ጠየቀኝ፣ ሰማኝ፣ በቃ» አለኝ። ብዙ ሰው ይህ ያጋጥመዋል። እኛ ምክር ስንል ሽማግሌ ተቀምጦ «እንዲህ አድርግ» ሲል ነው የምናውቀው። ይህ የተለየ ነው። አማካሪው ዳኛም፣ ሽማግሌም፣ ሙፍቲም አይደለም። ሚስትህን ፍታ ወይም አትፍታ አይልህም። የራስህን ሐሳብ ከውስጥህ አውጥተህ፣ ፊት ለፊትህ አስቀምጠህ እንድታየው ይረዳሃል። ያ ወንድም በአራተኛው ጊዜ ሲወጣ «ዛሬ አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብቻውን መሄድ ጀመረ።

ከመጀመሪያው ቀን ስትወጣ ቀለል ሊልህም፣ ከገባህበት የባሰ ሊከብድህም ይችላል። ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረ ቁስል ሲታጠብ ያማል። ይህ የሕክምናው አለመሥራት ምልክት አይደለም። ቀጠሮው ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ይሆናል። ለአንዳንዱ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ይበቃዋል፤ ለሌላው ወራት ይፈጃል። የቤት ሥራም አለው። በምን ሰዓት ጭንቀት እንደሚበረታብህ መጻፍ፣ የእንቅልፍ ሰዓትን ማስተካከል፣ ያቋረጥከውን ሥራ ጥቂት በጥቂት መጀመር ይኖርብሃል። የቤት ሥራውን የማይሠራ ሰው መድኃኒቱን ገዝቶ ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ሰው ነው።

የወስዋስን ነገር በምሳሌ ላስረዳ፤ በመስጊዶቻችን የሚታይ ነውና። ውዱእ አድርጎ እንደገና የሚያደርግ፣ ተክቢራ ብሎ እንደገና የሚል፣ ኢማሙ ሩኩዕ ወርዶ እሱ ገና ከኒያው ጋር የሚታገል ወንድም አለ። ጓደኞቹ «እንዴት ያለ ጥንቁቅ ነው» ይሉታል፤ እሱ ግን ውስጡ እያለቀ ነው። አማካሪው የሚያሠራው ሥራ አንድ ጊዜ ውዱእ አድርጎ፣ ጥርጣሬው ቢጮህም ሳይደግም፣ ጩኸቱ ራሱ እስኪደክም መጠበቅን ነው። ከባድ ሥራ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት «እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም» የሚለውን መርሕ አኑረው፣ ወስዋስ ያለበት ሰው ጥርጣሬውን ችላ ብሎ እንዲያልፍ አስተምረዋል። ዓሊሙና አማካሪው ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ተናገሩ ማለት ነው።

መድኃኒት ከታዘዘልህም ስለ እርሱ እወቅ። የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓት ውስጥ አይሠራም፤ ጥቅሙ እስኪታወቅ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የማይመቸው ነገር ግን ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚህ መሐል ነው። ሌላው ደግሞ ሲሻለው «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ሐኪሙን ሳይጠይቁ መደረግ የለባቸውም። ረመዳን ሲቃረብ አስቀድመህ ሐኪምህን አማክር። ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሊዞር የሚችል መድኃኒት አለ፤ የማይችልም አለ። አላህ ለታመመ ሰው ያገራለትን ነገር በራስህ ላይ አታክብድ።

ሚስጥርና አማና

«ሰው ቢሰማስ?» ለሚለው፦ የባለሙያው የመጀመሪያ ግዴታ ሚስጥር መጠበቅ ነው። እኛ አማና የምንለው ነው። ነገር ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም በመጀመሪያው ቀን ሊነግርህ ይገባል። ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትገድል የምትችልበት አደጋ ካየ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ ሊናገር ይችላል። ካልነገረህ ጠይቀው። ለሚስትህ ወይም ለአባትህ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር አብራችሁ ወስኑ።

እዚህ ላይ የዲን ጥያቄ ይነሳል። «አላህ የሸፈነልኝን ኃጢአት ለሰው መግለጥ አይሆንብኝም?» ይባላል። የተወገዘው ሌሊት የሠራውን ኃጢአት ጠዋት በየመንገዱ የሚያወራ፣ የሚፎክርበት ሰው ነው። መውጫ መንገድ እንዲያሳየው ሽቶ ለሚታመን ሰው የሚናገረውን ግን ኢማም ነወዊ ከዚያ ለይተውታል። ያም ሆኖ ለሕክምናህ የማያስፈልገውን ዝርዝር መናገር ግዴታህ አይደለም። ስለ ባልሽ ብትናገሪስ ሐሜት ይሆንብሻል? ሂንድ ቢንት ዑትባ ባሏ አቡ ሱፍያን ቆጣቢ መሆኑን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገልጻ መፍትሔ ስትጠይቅ «አማሽ» አላሏትም፤ መልስ ሰጧት እንጂ። ዑለማዎችም ከዚህ ተነስተው መፍትሔ ፈልጎ መናገርን ከተከለከለው ሐሜት አውጥተውታል።

እህቶች ከቻላችሁ ሴት ባለሙያ ምረጡ። ካልተገኘች በሩ ገርበብ እንዲል ወይም መስታወት ያለው ክፍል እንዲሆን፣ ዘመድም ውጭ እንዲጠብቅ መጠየቅ ይቻላል። ደግ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም።

«ሙስሊም ያልሆነ ባለሙያስ?» የሚል ይኖራል። ሙስሊምም ተገኝቶ በሙያው ብቁ ከሆነ መልካም ነው። ካልሆነ ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሒጅራ ጉዟቸው፣ ጠላት በሚፈልጋቸው ሰዓት፣ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ገና ያልሰለመ ግን የታመነና መንገዱን የሚያውቅ ሰው መሆኑን እናስታውስ። ሁለት ነገር ተመልከት፦ ታማኝነቱንና ሙያውን። ሂጃብሽን ወይም ሰላትህን የበሽታው ምክንያት አድርጎ ካወራ፣ ወይም ካልተመቸህ፣ ሌላ ባለሙያ መቀየር ትችላለህ። አንዱ ስላልተስማማህ ግን ሕክምናውን ሁሉ አትተው፤ አንድ ጫማ ጠበበኝ ብሎ በባዶ እግሩ የሚሄድ የለም።

ሩቅያ ቦታውን አይለቅም

ይህን ሁሉ ስል ሩቅያን እያቃለልኩ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ፋቲሓን፣ አየተል ኩርሲን፣ ሙዐወዘተይንን በራሳችን ላይ መቅራት ሱና ነው፤ የጠዋትና የማታ ዚክርም ለልብ ምሽግ ነው። የምቃወመው በሩቅያ ስም የሚደረገውን ነው። ሕመምተኛን በዱላ መምታት፣ ሴትን ብቻዋን ክፍል ውስጥ ማስገባት፣ ሺህ ብሮችን መቀበል፣ «መድኃኒቱን ካልጣልክ አልቀራልህም» ማለት ከሱና አይደለም። ትክክለኛ ቃሪእ ሐኪም ዘንድ ሂድ ይልሃል እንጂ ከሐኪም አያጣላህም። ጠዋት አዝካርህን አድርግ፣ ክኒንህን በቢስሚላህ ዋጥ፣ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮህን አክብር፤ እነዚህ ሦስቱ አይጣሉም።

ለቤተሰብና ለኢማሞች

በመጨረሻ ለታመመው ሳይሆን በዙሪያው ላለነው መልእክት አለኝ። ቤተሰብ ሆይ! «ሰላትህን ብትሰግድ ኖሮ» የሚለውን ቃል ተዉት። ከሰላቱ የተዘናጋው ስለታመመ ሊሆን ይችላልና። በቀጠሮው ቀን አብራችሁት ሂዱ፤ የትራንስፖርቱን ቻሉለት፤ ሲመለስ «ምን አልክ? ምን አሉህ?» እያላችሁ አትመርምሩት።

ሰው መኖር እንደሰለቸው፣ ራሱን ሊያጠፋ እንዳሰበ ከተናገረ ደግሞ እንደ ቀልድ አትለፉት። ራስን መግደል ሐራም መሆኑን እሱም ያውቀዋል፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ዛቻ ሳይሆን የያዘው እጅ ነው። ብቻውን አትተዉት። መርዝን፣ ገመድን፣ ስለታም ነገርን ከአጠገቡ አርቁ። ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አንዲትን ነፍስ ሕያው ያደረገ የሰውን ልጅ ሁሉ ሕያው እንዳደረገ ተቆጥሮለታልና።

የመስጊድ ኢማሞችና የጀማዓ ኮሚቴዎች ሆይ! በሰፈራችሁ አቅራቢያ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበትን ጤና ጣቢያና ሆስፒታል፣ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ ሰው ልካችሁ አስጠይቁ፤ ጽፋችሁም ያዙ። አቅም ለሌለው የካርድና የመድኃኒት መግዣ ከሰደቃው መድቡለት። ከዓመቱ ጁሙዓዎች አንዷን ኹጥባ ለዚህ ጉዳይ ስጡት። ሚንበሩ ላይ አንድ ጊዜ የተነገረ ቃል አንዱን ወንድም ከጠንቋይ ደጅ፣ አንዷን እህት ከተዘጋ ክፍል ያወጣ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን እንዲደብቀው ያስገደድነው እኛው እንዳንሆን እንፍራ።

ያ አላህ! የታወኩ ልቦችን አንተው አሳርፍ። በሥጋቸውም በነፍሳቸውም ለታመሙት የተሟላ ሽፋእ ስጣቸው። ለሐኪሞቻቸው ዕውቀትን ከእዝነት ጋር ለግሳቸው። እኛንም የወንድሞቻችንን ገበና የምንሸፍን እንጂ የምንገልጥ አታድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።